መሬት የሚይዝ ሶል፦ በሐዋሳ የአንድ ጫማ ሰፊ ሥራ ሲገመገም

በሐዋሳ ከቅዱስ ገብርኤል አደባባይ ወደ ሐይቁ በሚወስደው ሰፊ ጎዳና ሲሄዱ፣ ወደ ውስጥ ከሚገቡት የኮብልስቶን መንገዶች በአንደኛው መግቢያ ላይ በሸራ የተከለለች ትንሽ የጫማ ሰፊ ቦታ አለች። የሚሠሩባት ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አባት ናቸው፤ ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ። ባለፉት ሰባት ወራት ሦስት ጥንድ ጫማ ወስጄላቸው ሶል አስለውጫለሁ። ሥራቸውን የምመዝነው ጫማው አማረ ወይም አላማረም በሚለው አይደለም። ጫማው እርጥብ መሬት ላይ እግሬን ያዘልኝ ወይስ አልያዘልኝም የሚለው ብቻ ነው መለኪያዬ፤ ለዚህም ምክንያት አለኝ።

ባለፈው ሚያዝያ፣ የበልጉ ዝናብ ገና ባባራበት ጠዋት፣ ለጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። መግቢያው እንደ መስተዋት በሚያብረቀርቅ ነጭ ሴራሚክ የተነጠፈ ሲሆን፣ ባለጉዳዮች በጫማቸው ይዘውት የገቡት ውኃ ስስ ሆኖ ተኝቶበታል። ምንጣፍ አልነበረም፤ የተጻፈ ማስጠንቀቂያም አልነበረም። ከበሩ ሦስት እርምጃ እንደ ገባሁ ቀኝ ተረከዜ ወደ ፊት አመለጠኝና ወደ ኋላ ወደቅኩ፤ በግራ እጄ መሬቱን ልደገፍ ስሞክር የመላ አካሌ ክብደት አንጓዬ ላይ አረፈ። ወረፋ ላይ የነበሩት ሴቶች በአንድ ድምፅ «እኔን!» አሉ፤ ዘበኛውም «እኔን ይድፋኝ» እያለ ሮጦ አነሣኝ። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ከሕመሙ ይልቅ ያሳሰበኝ ማን አየኝ የሚለው ነበር፤ ቀሚሴን አራግፌ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቆምኩ። እጄ ማበጥ የጀመረው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ጎረቤቶቼ ወጌሻ ዘንድ እንድሄድ ወተወቱኝ፤ እኔ ግን አስቀድሜ ራጅ ተነሣሁ። ከአንጓው በላይ ያለው የክንድ አጥንት ተሰብሮ ስለ ነበር ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስሮ ቆየ። የተሰበረ አጥንት ራጅ ሳይታይ ጥብቅ ተደርጎ ቢታሰር የደም ዝውውሩ ሊቋረጥና እጅን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ እንደሚችል ሐኪሙ አስረድቶኛል፤ ይህን ያነሣሁት በየሰፈራችን የሚደርስ ጉዳይ ስለ ሆነ ነው።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ገልብጬ አየሁት። ላዩን በየሁለት ቀኑ ሊስትሮ ያጠራው ስለ ነበር አዲስ ይመስላል። ሥሩ ግን የወደቅኩበትን ሴራሚክ ያህል ለስላሳ ነበር፤ ስገዛው ጥርስ የነበረው ቦታ በተለይ በተረከዙ የውጭ ጠርዝ ሙልጭ ብሎ አልቋል። የመኪና ጎማ እንዲህ ቢያልቅ በዝናብ የሚነዳው አይኖርም። እኔ ግን በዚያ ሶል ከሁለት ዓመት በላይ ስመላለስ አንድም ቀን ገልብጬ አላየሁትም።

ስለ መውደቄ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳወራ ሌሎቹም የራሳቸውን አወጡ። አንዱ የፈተና ወረቀት ታቅፎ ደረጃ ሲወርድ ወድቋል፤ አንዷ ከባጃጅ ስትወርድ ቀሚሷ ይዟት በጉልበቷ አርፋለች፤ አንዱ ደግሞ የገዛ ቤቱ ደፍ አደናቅፎት ግንባሩን ተሰፍቷል። ሁሉም ከሃምሳ ዓመት በታች ናቸው፤ አንዳቸውም ቀደም ሲል ለማንም አልተናገሩም። መውደቅ የሕፃንና የሽማግሌ ነገር ነው ብለን ስለምናስብ፣ በመካከል ያለነው ስንወድቅ አቧራችንን አራግፈን ዝም እንላለን።

ጥናቶች የሚያሳዩት ከዚህ የተለየ ነው። በአሜሪካ በባልቲሞር ለረጅም ዓመታት ከሚካሄደው የእርጅና ጥናት በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ወድቀን ነበር ያሉት ከ20 እስከ 45 ዓመት ካሉት 18 በመቶ፣ ከ46 እስከ 65 ካሉት 21 በመቶ፣ ከ65 በላይ ከሆኑት ደግሞ 35 በመቶ ናቸው። ከዕድሜ ጋር ቁጥሩ ቢጨምርም፣ ጉልምስና ላይ ካሉት እንኳ ከአምስቱ አንዱ መውደቁን ልብ ይሏል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 684,000 ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ ሳይታሰብ ከሚደርሱ አደጋዎችም ከትራፊክ አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛው ገዳይ ይኸው ነው። ሐኪም ቤት የሚያደርስ አወዳደቅ ደግሞ በዓመት 37.3 ሚሊዮን ጊዜ ይከሰታል። ከሞቱ ከ80 በመቶ በላይ የሚደርሰው እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

እኔም ጀሶው ከተፈታልኝ በኋላ ለአሥራ ሁለት ሳምንት ትንሽ ደብተር በቦርሳዬ ይዤ፣ እግሬ በተንሸራተተ ወይም በተደናቀፈ ቁጥር ቦታውንና ያደረግኩትን ጫማ ጻፍኩ። ሳልወድቅ የተረፍኩበት 29 ጊዜ፣ በጉልበቴ ያረፍኩበት አንድ ጊዜ ተመዘገበ። ደብተሩን ባልይዝ ኖሮ ስንት ጊዜ ነው ብባል አምስት ወይም ስድስት ብዬ እመልስ ነበር፤ ያልወደቅንበትን ወዲያው እንረሳዋለን።

ቋንቋችን በሁለቱ አወዳደቆች መካከል ያለውን ልዩነት አስቀድሞ ለይቶታል። «አዳለጠኝ» የሚል ሰው የረገጠው እግሩ ከሥሩ አምልጦት ነው፤ ይህ በአብዛኛው ተረከዝ መሬት በሚነካበት ቅጽበት ይደርሳል፣ ሰውዬውም ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ይወድቃል። «እንቅፋት መታኝ» የሚል ግን አየር ላይ የነበረ እግሩ ነው የተያዘበት፤ አካሉ ወደ ፊት መሄዱን ስለሚቀጥል በእጁ፣ በጉልበቱ ወይም በፊቱ ያርፋል። ስንራመድ የእግራችን ጣት ከመሬት የሚነሣው ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከጎረቤቶቹ በአንድ ጣት ውፍረት ከፍ ያለ የኮብልስቶን ድንጋይ ለእንቅፋትነት ይበቃል። ቀኝ እግርን ሲመታ ገደ መልካም፣ ግራን ሲመታ ገደ ቢስ ነው የሚሉ አሉ፤ በደብተሬ ላይ ግን ቀኝም ሆነ ግራ ሲመታኝ ድንጋዩ ያው አንድ ድንጋይ ነበር። ጫማ ሰፊ ሊያግዘን የሚችለው በዋናነት በመጀመሪያው ዓይነት ላይ ነው፤ በሁለተኛው ላይ ግን ጥንቃቄ ካላደረገ ሊጎዳንም ይችላል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ጫማውን ተቀብለው ላዩን ሳያዩ ገለበጡት፤ በአውራ ጣታቸው ከተረከዙ እስከ ጫፉ ዳሰሱትና «ቲቸር፣ እርስዎ ሲረግጡ ወደ ውጭ ይጫናሉ፤ አብዛኛውን ቀን የሚቆሙት ሲሚንቶ ላይ ነው ወይስ ሴራሚክ ላይ?» ብለው ጠየቁኝ። ጫማ በገዛሁባቸው ሱቆች ሁሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሻጭ የለም። የሚጠየቀው ቁጥርና ቀለም ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሁለት ዓይነት ጎማ አቀረቡልኝ። አንደኛው ከከባድ መኪና አሮጌ ጎማ የተቆረጠ ጠጣር ነው፤ ሁለተኛው ሲጫኑት ጥፍር የሚያስገባ ለስላሳ የሶል ጎማ ነው። «ጠጣሩ ዕድሜ አለው፣ ለስላሳው መሬት ይይዛል፤ የቱን እንደሚፈልጉ እርስዎ ይምረጡ» አሉኝ። ይህ ትክክለኛ ምክር ነው። ለስላሳ ጎማ በመሬቱ ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ስለሚገባ ይበልጥ ይይዛል፤ በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል። ለመጀመሪያው ጥንድ ለስላሳውን፣ ለሁለተኛው ጠጣሩን መረጥኩ፤ ማወዳደር ስለ ፈለግኩ ነው።

አሠራራቸው ጥንቁቅ ነው። አሮጌውን ሶል በጉጠት ይዘው ቀስ ብለው ይገነጥሉታል፤ የቀረውን ማስቲሽ በቢላዋ ይፍቁና በብርጭቆ ወረቀት ቆዳውንም ጎማውንም ያሻክራሉ። ከዚያ ሁለቱንም ገጽ ማስቲሽ በስሱ ይቀቡና ወዲያው አያጣብቁም፤ በጣታቸው ጀርባ ነካ አድርገው የማይይዛቸው እስኪሆን ይጠብቃሉ። ከተጣበቀ በኋላ በብረት እግሩ ላይ አስቀምጠው ከመሃል ወደ ጠርዝ በመዶሻ ይመታሉ፤ በመጨረሻም ዙሪያውን በወስፌና በናይለን ክር ይሰፋሉ። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በሶሉ ላይ ወደ ጎን የሚወጡ ቦዮች በቢላዋ ያወጣሉ፤ ውኃው ከተረከዙ ሥር ተጨምቆ የሚወጣበት መንገድ ያገኛል፣ ጎማውም መሬቱን ይነካል። ሁለተኛው፣ የታኮውን የኋላ ጠርዝ ሰያፍ አድርገው ይቆርጡታል። የተረከዝ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ መጀመሪያ መሬት የሚነካው እንደ ክር የቀጠነ መስመር ብቻ ነው፤ ሰያፍ ሲሆን ግን ሰፋ ያለ ገጽ ያርፋል። ይህን ከማን እንደ ተማሩ ስጠይቃቸው «ሰው ሲያልቅበት የሚያልቀው እንደዚያው ሰያፍ ሆኖ ነው፤ እኔ ቀደም ብዬ ነው የምቆርጥለት» አሉኝ።

የማስተምረው ፊዚክስ ስለ ሆነ ነገሩን በዓይን ግምት ብቻ መተው አልፈለግኩም። ስድሳ ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ሴራሚክ ገዝቼ በውኃ አርጥቤ፣ ጎማው በደንብ እንዲያርፍ ጫማው ውስጥ ሁለት ኪሎ ዱቄት በላስቲክ አድርጌ አስቀምጬ፣ የሴራሚኩን አንድ ጫፍ ጫማው መንሸራተት እስኪጀምር ድረስ ቀስ እያልኩ አነሣሁት። የወደቅኩበት ሶል ጫፉ 13 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ለቀቀ፤ ይህም ሲሰላ ወደ 0.22 የሚጠጋ ሰበቃ (ሶሉ መሬቱን የሚይዝበት ልክ) ነው። ሰው በደልዳላ መሬት ላይ በተለመደ ፍጥነት ለመራመድ 0.2 አካባቢ ስለሚያስፈልገው፣ በዚያ ጫማ የምራመደው ምንም መጠባበቂያ ሳይኖረኝ ነበር ማለት ነው፤ ትንሽ ብቸኩል ወይም ዞር ብል መውደቄ አይቀርም። በለስላሳው ጎማ የታደሰው ጫማ እስከ 29 ሴንቲ ሜትር ቆመ፤ 0.55 ገደማ መሆኑ ነው። በአሜሪካ እርጥብ ሊሆን ለሚችል የቤት ውስጥ ሴራሚክ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ልክ 0.42 ነው፤ እርግጥ ያ የሚለካው ሶሉ እየተንቀሳቀሰ ሳለ ስለ ሆነ፣ ቆሞ ከሚለካው ከእኔ ቁጥር ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። ጠጣሩ የመኪና ጎማ በሁለቱ መካከል ሆነ። ውኃው ላይ የልብስ ሳሙና ጨምሬ ስሞክር ግን ለስላሳው ጎማ እንኳ በ16 ሴንቲ ሜትር ለቀቀ። ይህ ውጤት አስደንግጦኛል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳሙና የሚታጠብ ወለል ሳይደርቅ በምንም ጫማ አልረግጥም።

ጉድለቶቹን ደግሞ ሳልሸሽግ ልናገር። የመጀመሪያው ጥንድ በአምስተኛው ሳምንት በቀኙ ጫፍ ላይ ተላቀቀ። ይህ ለጫማ ሰፊ ቀላል ስሕተት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የተላቀቀ የሶል ጫፍ ወደ ታች ስለሚንጠለጠል በየእርምጃው መሬቱን ይጠርጋል፣ ከማዳለጥ ያዳነንን ጫማ ራሱን እንቅፋት ያደርገዋል። በደብተሬ ላይ የሰፈረው በጉልበቴ ያረፍኩበት ጊዜ በዚሁ ምክንያት የመጣ ነው። መልሼ ስወስድላቸው ይቅርታ ጠይቀው ጫፉን እንደ ገና ሰፉልኝ፤ ብርም አልተቀበሉኝም። ይሁን እንጂ ጫፉ ከመጀመሪያው በድርብ ስፌት ቢሠራ የተሻለ ነበር፤ ይህንንም ነግሬያቸው ሦስተኛውን ጥንድ እንዲሁ አድርገው ሠርተውልኛል።

የመኪና ጎማው ሶል ደግሞ ከባድና ወፍራም ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ አስተምሬ ስመለስ እግሬ ይዝላል፤ የዛለ እግር ደግሞ በበቂ ሁኔታ አይነሣም። ከሶሉ ውፍረት ጋር ተደምሮ የቤቴ ደፍ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ አደናቀፈኝ። ለጠጠር መንገድና ለእርሻ ሥራ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለቢሮና ለክፍል ሠራተኛ ግን አልመክረውም። ቀጠሮ አለማክበርም አለ፤ ለነገ የተባለው አንዱ ሥራ አራት ቀን ወስዷል።

ሌላው ጉድለት የመቀመጫ ነገር ነው። ደንበኛ ጫማውን የሚያወልቀው ቆሞ፣ በአንድ እግሩ፣ ከኮብልስቶን ላይ ነው፤ ያለችው አንዲት በርጩማ በጣም ዝቅተኛ ስለ ሆነች በዕድሜ የገፋ ሰው ቢቀመጥባት ለመነሣት ይቸገራል። እናቴን ይዤ በሄድኩ ጊዜ ይህን በደንብ አየሁት። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማዋን ስታወልቅ ግድግዳ መያዝ የለመደች ናት፤ እዚያ ግን የምትይዘው ግድግዳ ስለሌለ የሸራውን ምሰሶ ስትይዝ ምሰሶው ተወዛወዘ። ልቤ ቀጥ አለ። እጅ ማስደገፊያ ያለው አንድ ወንበር ቢኖር ይህ ሁሉ ይቀር ነበር። ሐሳቡን ሳቀርብላቸው በጥሞና ሰምተውኛል።

ሶል የማይሠራው ብዙ ነገር እንዳለም መታወቅ አለበት። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄጄ የዓሣ ቅርፊት፣ ስብና ውኃ የተቀላቀለበትን ወለል ስረግጥ አዲሱ ሶል ከአሮጌው እምብዛም አልተሻለኝም፤ እዚያ ማዝገም ብቻ ነው ያለው። ጭቃ በቦዮቹ ውስጥ ሲሞላ ሶሉ መልሶ ሙልጭ ያለ ይሆናል፤ በየጊዜው በእንጨት መጥረግ ያስፈልጋል። ክዳኑ የተነሣ የጎርፍ መውረጃን፣ ከሌሎቹ በሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተሠራን ደረጃ፣ መብራት በጠፋበት ምሽት የማይታይን ጉድጓድ ማንም ጫማ ሰፊ አይጠግንም። ከአልጋ ሲነሡ የሚያዞራቸው ሰዎችም የደም ግፊታቸው ሲቆሙ የሚወርድ ሊሆን ስለሚችል፣ ተኝተውና ቆመው ግፊታቸውን ማስለካት ይገባቸዋል፤ ከቆሙ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪም መንገር ነው። ለአረጋውያን ደግሞ ሚዛንንና የእግር ጡንቻን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ መውደቅን በ23 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ ጽሑፍ አሳይቷል። እናቴ አሁን ጠዋት ጠዋት የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዛ አሥር ጊዜ በጣቶቿ ትቆማለች፤ ከወንበርም እጇን ሳትደገፍ መነሣትን ትለማመዳለች።

ከዋጋ አንጻር ሙሉ ሶል በለስላሳ ጎማ 600 ብር፣ ግማሽ ሶል 350 ብር፣ ታኮ ብቻ 100 ብር ከፍያለሁ። አንድ የተሰበረ አንጓ ያስወጣኝን የራጅ፣ የጀሶና የመመላለሻ ወጪ፣ ስድስት ሳምንት በአንድ እጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፌንና ልብስ ማጠብ አለመቻሌን ሳስበው፣ ይህ ገንዘብ በዛብኝ ለማለት አልደፍርም። አዲስ ጫማ ከመግዛትም ይረክሳል፤ የገበያው አዲስ ጫማ ደግሞ ሥሩ ጠንካራ ፕላስቲክ ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያዳልጥ ነው። ስትገዙ ገልብጣችሁ በጥፍራችሁ ተጫኑት፤ ጥፍር ካልገባበትና እንደ ሳህን ካብለጨለጨ ሶል ማስለጠፊያውን አብራችሁ አስቡ።

ከዐሥር ስምንት እሰጣቸዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ስለ ተላቀቀው ጫፍ፣ ሌላውን ስለ መቀመጫው ነው። ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ ጫማችሁን ጠዋት ብታደርሱ ይመረጣል፤ እሑድና በበዓላት ቀን አይሠሩም። ሶሉ ከተለጠፈ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ውኃ አታስነኩት፤ ለስላሳ ጎማ፣ ሰያፍ ታኮ፣ ጫፉ ላይ ድርብ ስፌት ብላችሁ በግልጽ እዘዙ። የእናቴ ጫማ በዚሁ መንገድ ታዝዞ ሐሙስ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ ደግሞ ከሸራው ሥር እጅ ማስደገፊያ ያለው አንድ አሮጌ የእንጨት ወንበር ተቀምጦ አየሁ፤ አንዱ እግሩ አጥሮ ይወዛወዝ ስለ ነበር ከሥሩ የተቆረጠ የመኪና ጎማ ለጥፈውለታል።